የሁለት ቀጭን ቱቦዎች ታሪክ

ስሙኝማ፤ ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ነው። ልጁ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ መካኒኩ ሲልቨር ስፕሪንግ። አንዱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ሜሪላንድ፤ በመካከላቸው ዋሽንግተንን ዙሪያዋን የሚዞራት 64 ማይሉ ቤልትዌይ አለ።

ልጁ የጓደኛዬ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ አማርኛውን ግን ያልጣለ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ የሚል ልጅ። ዲሲ መሃል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ማታ ማታ እየሠራ ገንዘብ አጠራቀመና መኪና ልግዛ አለ። ካምሪ ግዛ አሉት። ኮሮላ ግዛ፣ ብትሸጠውም ዋጋው አይወርድብህም አሉት። የሱ ልብ ግን ያረፈው ሁለት ወንበር ብቻ ባላት፣ ጣሪያዋ በሚታጠፈው በማዝዳ ሚያታ ላይ ነበር። ይቺ መኪና ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ልጁ የገዛት ከመጀመሪያዎቹ አንዷን ነው፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 ፈረስ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ። 116 ፈረስ ዛሬ ዛሬ ለቤተሰብ መኪና እንኳ ትንሽ ነው። ግን ቀላል ናት፤ መሪዋን ስትነካው ትሰማሃለች፤ ኩርባ ላይ ከልብህ ጋር ነው የምትታጠፈው። እኔ አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ በወንዙ ዳር ባለው ፓርክዌይ ወስዶኛል፤ ልጁን ለምን እንዳሸነፈችው ያን ዕለት ገባኝ።

እንግዲህ ሰው የሚወደውን ነገር ዝም ብሎ አይተወውም፤ ይነካካዋል። ልጁም ጉልበት ልጨምርላት አለ። ገንዘብ የለም፤ ቱርቦ አይታሰብም። ያኔ ነው ስለ ሁለቱ ቀጭን ቱቦዎች የሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር አየር የሚስበው በአንድ በር በኩል ነው፤ በሩ ትሮትል ቦዲ ይባላል። ውስጡ ክብ የብረት ሳህን አለች፤ ቤንዚን መስጫውን ስትረግጥ ትከፈታለች፣ እግርህን ስታነሳ ትዘጋለች። በዚህ በር ቅርፊት ውስጥ ከሞተሩ የመጣ ትኩስ ኩላንት ይዞራል፤ በአንዲት የጣት ውፍረት ባላት ጎማ ቱቦ ገብቶ በሌላዋ ይወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። የልጁ ጓደኞች አሉት፦ ሞተርህ የሚተነፍሰውን አየር ለምን ታሞቅበታለህ? ትኩስ አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ጉልበት የለውም። ሁለቱን ቱቦዎች ከትሮትሉ ንቀልና እርስ በርሳቸው አገናኛቸው፤ ኩላንቱ በሩን ሳይነካ ይለፍ። ወጪው የአንዲት የናስ ማገናኛና የሁለት ፋሼታ ዋጋ ነው።

አደረገው። የሚኖርበት አፓርትመንት ግቢ ውስጥ መኪና መፍታት ክልክል ስለሆነ ሌሊት፣ በስልኩ መብራት፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ። የፈሰሰውን ኩላንት በሳህን ተቀበለ፤ ይህን በደንብ አድርጓል፤ ኩላንት ይጣፍጣል፣ መሬት ላይ ከቀረ የጎረቤት ውሻ ይልሰዋል፣ ይሞታል። በማግስቱ ነድቶ ተመለሰና ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ትሮትሉ ላይ አሳረፈ። በፊት መንካት የማይቻለው ብረት አሁን ለብ ብሎ ብቻ ተገኘ። ቀይ ነጥብ የምታሳርፍ የሙቀት መለኪያም ነበረችው፤ እሷም መሰከረችለት። ልጁ ተደሰተ። ጉልበቷም የጨመረ መሰለው።

ከዚያ ብርዱ መጣ። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ሞተሯ እንደ ወትሮው ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ ይህ ደንብ ነው። ሲሞቅ ግን መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። የሚያታ ሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 850 ዙር ነው፤ የሱ ከ1,500 በላይ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ዱክ ጎዳና ላይ መብራት ይዞት ሲቆም ሞተሩ ይጮኻል፤ ሰው ዞሮ ያየዋል፤ ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ሲረግጥ ዙሩ አልወርድም ይላል። ካንዴላ ቀየረ። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈለገ። አልተገኘም። አባቱ ደወለልኝ፤ እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት መካኒክ፣ ጋሼ ጋ እንውሰዳት አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። በዊልሰን ድልድይ ተሻገርን፤ የዛሬው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2008 የተከፈተ መንታ ነው፣ ትልልቅ ጀልባ ሲመጣ መሃሉ ይነሳል። ከዚያ በቤልትዌይ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ጆርጂያ አቬኑ። ሲልቨር ስፕሪንግን የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ በፌንተን ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ ስትሄድ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሱቅ፣ ቡና የሚፈላበት ቤት፣ እንጀራ የሚሸጥበት ማዕዘን አይታጣም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲም ከጎንደር ጋር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እህትማማች ሆኗል። ጋሼ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ። ጡረታ ወጥተዋል ይባላል፤ እጃቸው ግን አልወጣም። ተግባረ ዕድ ተምረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ጠግነው፣ ኋላም አየር መንገድ ገብተው የአውሮፕላን ሞተር ፈተው የገጠሙ ሰው ናቸው።

ኮፈኑ ተከፈተ። ጋሼ ምንም አልነኩም፤ መጀመሪያ አዳመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የናሷን ማገናኛ አዩና ቀና አሉ።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ለምን?»

ልጁ አስረዳ። ትኩስ አየር፣ ስስ አየር፣ ጉልበት። ጋሼ እያቋረጡ አልተናገሩም፤ እስኪጨርስ ጠበቁት። ይህ ጠባያቸው በጣም ደስ ይለኛል። ከዚያ አንድ የዘይት ካርቶን ገነጠሉና እስክሪብቶ አወጡ።

«ያልከው እውነት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው። አሁን ስንት እንደሆነ እንቁጠረው። ሞተርህ 1.6 ሊትር ነው። በሁለት ዙር አንዴ ይሞላል፤ ስለዚህ በአንድ ዙር 0.8 ሊትር አየር ይስባል። ሙሉ ረግጠህ በደቂቃ 6,500 ዙር ብትሄድ በሰከንድ ስንት ይሆናል?»

ልጁ በስልኩ አሰላ። 87 ሊትር ያህል።

«ከአራት ጀሪካን በላይ አየር» አሉ ጋሼ፣ «በየሰከንዱ፣ በዚህች በር። በሯ ከመዳፍህ አትረዝምም። አየሩ ውስጧ የሚቆየው የሰከንድ ሁለት ሺኛ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት ከብረቱ ምን ያህል ሙቀት ይቀበላል? ከምትገምተው በጣም ያነሰ። አንተ የነካኸው ብረቱን ነው። ብረቱ በርዷል፤ አየሩ ግን ያው ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የታሪኩ ሁሉ እንብርት ይህ ነውና። ልጁ አልዋሸም። እጁም አልዋሸችውም። ብረቱ በእርግጥ በርዷል። ሞተሩ የሚያቃጥለው ግን ብረቱን ሳይሆን አየሩን ነው፤ የአየሩን ሙቀት ደግሞ ማንም አልለካውም። በሚያታዋ ላይ የአየር ሙቀት የምትለካዋ መሣሪያ ያለችው ከትሮትሉ በፊት ነው፤ ትሮትሉ ቢሞቅም ቢበርድም እሷ አታውቅም። ስለዚህ ልጁ በእጁ የያዘው ማስረጃ ሁሉ የብረት ማስረጃ ነበር።

ጋሼ ቀጠሉ። «አየሩ በ3 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ውፍረቱ በ1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ116 ፈረስ 1 በመቶ አንድ ፈረስ ናት። ሙሉ ረግጠህ ስትሄድ ግን 3 ዲግሪውን ከዚህ አታገኝም። አዲስ አበባ ላይ እኮ፣ ከባሕር በላይ 2,350 ሜትር ስለሆነች፣ አየሩ ከዚህኛው በሩብ ያህል ይሳሳል። ያቺኑ መኪና ቦሌ ላይ ብትነዳት ወደ 29 ፈረስ አየሩ ራሱ ይቀንስብሃል። ሰው ግን ይነዳል፤ እንጦጦም ይወጣል።»

ልጁ ዝም አለ፤ ቀጥሎም እኔም ልጠይቅ ያሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀ። «እንግዲያ ለምን አስገቡት? ጥቅም ከሌለው ፋብሪካው ለምን ገንዘብ አወጣበት?»

ጋሼ በዚህ ጥያቄ ፊታቸው በራ። ዱካ ስበው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ወሬያቸው ስለ ቮልስ ነበር። በክረምት ጠዋት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ታች የሚነዳ ቮልስ ድንገት ያነክሳል፤ ይንተፋተፋል፤ ያቆሙታል። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ እስኪያይ፣ ሲጋራ እስኪያጨስ፣ ደህና ሆኖ ይነሳል። ባለቤቱ ቤንዚኑን ይራገማል። ነገሩ ግን በረዶ ነው፤ አዎ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በ12 እና በ15 ዲግሪ! ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑ ሲተን ሙቀት ይስባል፤ አየሩም በጠባቡ ሲሾልክ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ተደምረው አየሩን ከ20 ዲግሪ በላይ ያወርዱታል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው ጉሮሮው ላይ ይረጋል። ለዚህ ነው የቮልስ ሠሪዎች ከካርቡሬተሩ ሥር ከጭስ ማውጫው ሙቀት የምታመጣ ቀጭን ቧንቧ የበየዱት። ያቺ ቧንቧ በዓመታት ብዛት በጥላሸት ትደፈናለች፤ ስትደፈን ቮልሱ ያነክሳል። ጋሼ ወጣት ሳሉ ቧንቧዋን በሽቦ እየጠረጉ ብዙ ቮልስ እንዳዳኑ ነገሩን።

ሁለተኛው ወሬ ስለ አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የነዳው ሲ-47 ነበር፤ እኛ ዲሲ-3 የምንለው ወንድሙ። ለአሥርተ ዓመታትም በአገር ውስጥ መስመር ሳር ሜዳ ላይ ሲያርፍና ሲነሳ ኖሯል። እያንዳንዱ ክንፍ ላይ 14 ሲሊንደር፣ 1,200 ፈረስ። አብራሪው ፊት ለፊት የካርቡሬተር ሙቀት የሚሰጥበት ዘንግ አለ። ደመና ውስጥ ሞተሩ ጉልበቱ ሲወርድ ዘንጉን ይስባል፤ ትኩስ አየር ይገባል፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ሞተሩ ውሃውን ሲውጥ ትንሽ ያስላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ እጃቸው ዘንጉን ይስብ ነበር። «ሙቀት ስትሰጥ ጉልበት ይቀንሳል፤ አብራሪው ያውቃል» አሉ። «ያውቃል፣ ግን ይስባል።»

የልጁ መኪና ካርቡሬተር የላትም፤ ቤንዚኑ የሚረጨው ከትሮትሉ ወዲያ፣ ቴስታታው አፍ ላይ ነው። ስለዚህ አደጋው በብዙ ያንሳል። አልጠፋም ግን። ሳህኗ ልትዘጋ ትንሽ ሲቀራት አየሩ በስንጥቋ ሲሾልክ አሁንም ይቀዘቅዛል፤ ከሞተሩ ውስጥ የሚመለሰው እርጥብ እንፋሎትም በዚያው አካባቢ ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በጣም የከፋው ብርድ አይደለም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ አየር በሜትር ኩብ 1 ግራም ያህል ውሃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዜሮ ላይ ያለ አየር ግን 5 ግራም ያህል ይይዛል። ዜሮ አካባቢ ሆኖ እርጥብ የሆነ አየር ማለት ደግሞ የጥር ጠዋት በፖቶማክ ዳር ነው። ሳህኗ ጠርዝ ላይ በረዶ ቢይዝ ከእግርህ ጋር ላትመለስ ትችላለች። ጠዋት በ395 አውራ ጎዳና ላይ፣ በመኪና ጎርፍ መሃል፣ እግርህን አንስተህ ሞተሩ አልወርድም ቢልህ አስበው። እኔ ይህን ስሰማ ስለ አንድ ፈረስ ማውራት አስጠላኝ።

«እሺ፣ ሚኒሞውስ ለምን ተሰቀለ?» አለ ልጁ።

ጋሼ ትሮትሉን ፈቱት። ሥሩ ላይ የተጣበቀች ቫልቭ አለች፤ አዙረው ለልጁ አሳዩት። ውስጧ ሰም የተሞላች ትንሽ የብረት ጣት አለች። ሰሙ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ትርፍ አየር ይገባል፤ ሞተሩ በብርድ ጠዋት ከፍ ብሎ ይዞራል። ኩላንቱ ሲሞቅ ሰሙ ይለጠጣል፤ ቀዳዳውን ገፍቶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩ ይረጋጋል። ኮምፒውተር የለበት፣ ሽቦ የለበት። ሰሙ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፈውን ኩላንት። ልጁ ኩላንቱን ሲያስቀርበት ሰሙ በቂ ሙቀት አላገኘም፤ ሞተሩ ገና እንደበረደ ነው ብሎ ቀዳዳውን ክፍት አድርጎ ተወው። ጋሼ ቫልቭዋን የፈላ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከተቷት። አንገታችንን ደፍተን አየን፤ ጣቷ ቀስ እያለች ወጣች፣ ቀዳዳው ጠበበ፣ ተዘጋ። ልጁ «ዋው» አለ። ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተታት፤ ተመለሰች። ራሱ ሦስት አራቴ ደጋገመው።

ቱቦዎቹ በአዲስ ተተኩ፤ የድሮዎቹ ጫፋቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ኩላንት ተሞላ፤ የመኪናዋ አፍንጫ በክሪክ ከፍ ተደረገ፣ የውስጡ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፈተ፣ የራዲያተሩ ክዳን ሳይገጠም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሳ፣ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ተጠበቀ። ሞተሩ ሲሞቅ ዙሩ ወረደ፣ ወረደ፣ 850 ላይ ቆመ።

እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ኮፈኑን አልዘጉም። ጣታቸውን ወደ አየር ማጣሪያው ቀሰሩ። ልጁ ገና መኪናዋን እንደገዛ የፋብሪካውን ሳጥን ጥሎ፣ ሾጣጣ ክፍት ማጣሪያ ገጥሞ ነበር፤ ድምፁ ያምራል። ማጣሪያው ግን ክፍት ሆኖ የተቀመጠው ከራዲያተሩ ኋላ፣ የሞተሩ ወበቅ መሃል ነው። ጋሼ የሥጋ መለኪያ ቴርሞሜትር አመጡ፤ ረጅም ሽቦ ያለው፣ ምድጃ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ጫፉን ማጣሪያው አጠገብ አሰሩት፤ ሽቦውን በመስኮት አስገቡና «ንዳ» አሉት። እኔ ንባቡን ያዝኩ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ መብራት በያዘን ቁጥር ቁጥሩ ወጣ፤ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪ፣ አልፎም ሄደ። ስንሄድ ወረደ፤ ስንቆም ደግሞ ወጣ።

20 ዲግሪ፣ በ3 አካፍሉት። ከ116ቱ ሰባት ስምንት ፈረስ ማለት ነው፤ ያውም በጥር። በሐምሌ፣ አየሩ ራሱ 32 ዲግሪ ሲሆን፣ ምን እንደሚውጥ አስቡት። ልጁ ሌሊት ተደብቆ የፈለጋት ጉልበት ዓይኑ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ በራሱ ገንዘብ ከገዛው ማጣሪያ በኩል እየወጣች።

አድማጭ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር፤ ኩላንቱን ከትሮትሉ የሚያስቀሩ ሁሉ አላዋቂዎች አይደሉም። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ላይ በበጋ ብቻ የሚነዳ መኪና በረዶ የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ትሮትሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሚኒሞውን ኮምፒውተር የሚጠብቅለት ከሆነ ሰሙም የለበትም። ባለቤቱ ዙር ጨርሶ ሲቆም ብረቱ እንዳይግል ብሎ ኩላንቱን ቢያሳልፈው መብቱ ነው። ጋሼ ያኔም አንድ ነገር አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፦ ቱቦውን አገናኘው እንጂ አትድፈነው። ኤልኤስ 1 ሞተር ባለው ኮርቬት ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በወጣው፣ ወደ ትሮትሉ የሚመጣው መስመር የቴስታታዎቹ እንፋሎት መውጫ ነው። የደፈነው ሰው እንፋሎቱን ቴስታታው ውስጥ ያስቀራል፤ ስለ ፈረስ ሲያስብ ሞተር ይገዛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በሳምንቱ ከድሮ መኪና ማፍረሻ የፋብሪካውን የአየር ሳጥን አገኘ፤ አንድ ጆሮው የተሰበረ፣ ቀሪው ደህና። ጋሼ ሰባራውን በቆርቆሮ አሰሩለት፤ አፉን ከፊት ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር አገናኙት። ቴርሞሜትሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትተን ያንኑ መንገድ፣ በዚያው መብራት፣ ደገምነው። ልጁ በያንዳንዱ መብራት ቁጥሩን ይጠይቀኛል፤ እኔ እነግረዋለሁ፤ ከውጭው አየር ብዙም አልራቀም። ድምጿ ዝግ ብሏል፤ ይህ ትንሽ ከፋው። ስንመለስ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ሌላስ ምን ይደረግላታል?» አላቸው።

«ፕሪሚየም ቤንዚን ነው የምትሞላላት?»

«አዎ።»

«ታይሚንጓ ከፋብሪካ 10 ዲግሪ ላይ ነው። ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያውም ያለ አንድ ሳንቲም። ቅዳሜ በጠዋት ና፣ መብራቱን እኔ አዘጋጃለሁ። አንተ ግን ከመምጣትህ በፊት ለምን 10 ላይ እንዳስቀመጡት አንብበህ ና።»